አንድ ሞተር ወይስ ሁለት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሁለት ወንድሞቼና ከአንድ ባልደረባችን ጋር ሆነን አነስተኛ የቻርተር በረራ ድርጅት ለማቋቋም በዝግጅት ላይ ነን። መነሻችን አዲስ አበባ ሲሆን ጎብኚዎችን ወደ ጂንካ፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ላሊበላ፣ የመስክ ሠራተኞችን ደግሞ ወደ ጎዴና ወደ ሠመራ ለማመላለስ አስበናል፤ ሥራው ሲጠናከር ሕሙማንን በሌሊት ጭምር ማጓጓዝም በዕቅዳችን ውስጥ አለ። እኔ ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና ግራንድ ካራቫን ይበቃናል ባይ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን «የሰው ነፍስ ይዘን በአንድ ሞተር ተራራ አናቋርጥም» ብሎ፣ ያገለገለ ትዊን ኦተር ወይም ኪንግ ኤር እንድንገዛ አጥብቆ ይሟገታል። ማንኛችን ትክክል ነን?
ሰ. መ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የታላቅ ወንድምዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ ከስጋቱ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን መሐል ላይ አንድ ጥያቄ ዘሏል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሲቆም በሌላው ይበራል የሚባለው፣ የቀረው ሞተር በዚያ ክብደት፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ከፍታ አውሮፕላኑን ተሸክሞ መውጣት ወይም ቢያንስ ባለበት ማቆየት ሲችል ነው። ስለዚህ ሞተር ከመቁጠር በፊት፣ አንዱ ሞተር ከቆመ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ምን እንደሚሆን መጠየቅ ይገባል። ለባለ አንድ ሞተሩ መልሱ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላኑ ይወርዳል፣ የሚቀረው የት ይወርዳል የሚለው ብቻ ነው። ለባለ ሁለት ሞተሩ ግን መልሱ እንደ ዕለቱ አየር፣ እንደ ቦታውና እንደ አብራሪው ይለያያል።

ሞተሩ ምን ያህል ጊዜ ይቆማል ከሚለው እንጀምር። የጠቀሷቸው ሦስቱም አውሮፕላኖች የሚበሩት በአንድ የሞተር ቤተሰብ ነው። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ የሚያመርተው ይህ ፒቲ6 የተባለ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ እስካሁን ከ50,000 በላይ ተመርቷል። በአንድ ሞተር ላይ ያለው ጥርጣሬ በአብዛኛው ከፒስተን ሞተር ዘመን የተወረሰ ነው፤ በፒስተን ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱ፣ የሚጋጩና የሚፋተጉ ብዙ ክፍሎች ሲኖሩ፣ ተርባይን ግን በመሠረቱ ሳያቋርጡ የሚሽከረከሩ ዘንጎች ስብስብ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባለ አንድ ሞተር ተርባይን አውሮፕላኖች መንገደኛ ይዘው በሌሊትና በደመና ውስጥ መብረር የሚችሉበትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያወጣ ያስቀመጠው መለኪያ፣ የሞተር ኃይል ማጣት በ100,000 የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በታች እንዲሆን ነው። አሜሪካ ከዚያ ቀደም ብላ በ1997 ፈቅዳለች፤ አውሮፓ ግን እስከ 2017 ድረስ አመንትታለች። አውሮፕላንዎ በዓመት 500 ሰዓት ይበራል ብንል፣ በዚያ ጣሪያ ላይ እንኳ ቢሰላ አንድ የሞተር መቆም የሚጠበቀው በ200 ዓመት ውስጥ ነው። ይህ ስሌት ነገ ጠዋት አይሆንም ለማለት አያስችልም፤ ሆኖም ስጋቱን በልኩ ያስቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንድ ሞተር የሚያጣበት ዕድል ከባለ አንዱ እጥፍ ነው፤ የሚበላሸው ነገር ሁለት ሆኗልና። ይህ የሚካሰው ሁለቱ በአንድ ላይ የመቆማቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ያም ቢሆን ሁለቱ የሚቆሙበት ምክንያት የተለያየ ሲሆን ብቻ ነው። ከበርሜል የተቀዳ ውኃ የገባበት ነዳጅ፣ ያለቀ ነዳጅ፣ የወፍ መንጋ፣ እነዚህ ሞተር አይመርጡም። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1988 ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የደረሰበትን እናስታውሳለን፤ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገብቶ አውሮፕላኑ በሆዱ ለማረፍ ሲገደድ 35 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ ጄት ነው፣ የእናንተ ግን ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለር የሚያዞር ተርባይን፤ ነገር ግን የጋራ ምክንያት ሁለተኛውን ሞተር ዋጋ እንደሚያሳጣው ከዚህ የበለጠ የቅርብ ማስረጃ የለንም። ጎዴን በመሰለ ሩቅ ጣቢያ ነዳጅ የምትቀዱ ከሆነ፣ ነዳጁን በየጊዜው በናሙና መፈተሽ ከሁለተኛ ሞተር ያላነሰ ዋስትና ይሰጣችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአብራሪው ጉዳይ ነው። በክንፍ ላይ ካሉት ሁለት ሞተሮች አንዱ ሲጠፋ፣ የቀረው አውሮፕላኑን ወደ ጠፋው ጎን ያዞረዋል፤ አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ ራደሩን፣ ማለትም በጭራው ላይ ያለውን አቅጣጫ ማዞሪያ፣ በትክክለኛው እግር ረግጦ አቅጣጫውን መያዝ፣ የጠፋውን ሞተር ፕሮፔለር ነፋስ እንዳይገታው ጠርዙን ወደ ፊት ማዞር፣ ፍጥነቱም ራደሩ ከሚሠራበት ዝቅተኛ መጠን እንዳይወርድ መጠበቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2019 በቴክሳስ አዲሰን ኪንግ ኤር 350 ገና ከመሬት እንደተነሣ የግራ ሞተሩ ኃይል ቀነሰ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት አብራሪው መጀመሪያ የረገጠው የተሳሳተውን የራደር ጎን ነበር፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ከሕንፃ ጋር ተላተመ፣ የተሳፈሩት አሥሩም ሞቱ። በወረቀት ላይ በአንድ ሞተር መውጣት የሚችል ጠንካራ አውሮፕላን ነበር። ይህን የምጽፈው ወንድምዎን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሁለተኛውን ሞተር የሚገዛ ሰው አብሮት የማያቋርጥ የሲሙሌተር ሥልጠና መግዛት እንዳለበትና ይህም ሥልጠና በአብዛኛው በውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ማለትም ወደ አገራችን መልክዓ ምድር እንግባ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። በበጋ ቀትር 25 ዲግሪ ሲደርስ ግን አየሩ ይሳሳና ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚሠሩት 3,200 ሜትር ላይ እንዳሉ ሆነው ነው። የፒቲ6 ሞተሮች በአብዛኛው ከእውነተኛ አቅማቸው በታች ተገድበው ስለሚሰጡ እስከ የተወሰነ ከፍታና ሙቀት የተመዘገበላቸውን የፈረስ ጉልበት ይዘው ይቆያሉ፤ ያም ገደብ ሲታለፍ ኃይላቸው መቀነስ ይጀምራል። ሁለቱም ሞተሮች እየሠሩ ይህ ጉድለት ብዙ አይታወቅም። አንዱ ሲጠፋ ግን አውሮፕላኑ የሚያጣው ከኃይሉ ግማሹን ቢሆንም፣ ለመውጣት ከሚተርፈው ኃይል የሚያጣው ከግማሽ እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የቀረው ኃይል አብዛኛው አውሮፕላኑን በአየር ላይ ለማቆየት ብቻ ይውላልና።

ከዚህ ጋር የደንብ ነጥብ አለ። እስከ 5,670 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ብዙ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች፣ ትዊን ኦተርን ጨምሮ፣ የተመዘገቡበት መመዘኛ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚገደዱትን አያስገድዳቸውም፤ በማኮብኮቢያው ላይ በፍጥነት እየሮጡ ሳለ አንድ ሞተር ቢጠፋ መነሣቱን ቀጥለው መሰናክሉን አልፈው እንዲወጡ አይጠበቅባቸውም። 6,804 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ኪንግ ኤር 350 ግን ይህን ግዴታ በሚጨምረው ምድብ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ «ባለ ሁለት ሞተር» የሚለው ስም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ለሚያስቡት እያንዳንዱ አውሮፕላን የበረራ መመሪያውን ያስመጡና፣ ሙሉ መንገደኛና ለመንገዱ የሚበቃ ነዳጅ ጭናችሁ ከቦሌና ከላሊበላ ቀትር ላይ ስትነሡ በአንድ ሞተር በደቂቃ ስንት ጫማ እንደሚወጣ፣ በአንድ ሞተር የሚቆይበት ከፍተኛው ጣሪያም ስንት እንደሆነ ከሠንጠረዡ ያንብቡ። ወንድምዎ የሚፈሩትን ተራራ የምታቋርጡበትን ዝቅተኛ የደኅንነት ከፍታ ከዚያ ጣሪያ ጋር ያስተያዩ፤ ራስ ዳሸን ብቻ 4,533 ሜትር ነው። ጣሪያው ከተራራው በታች ከሆነ ሁለተኛው ሞተር አውሮፕላኑን በዝግታ እንዲወርድ ያደርገው እንደሆን እንጂ ተራራውን አያሻግረውም። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ በዝግታ መውረድ ሸለቆ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። ግን ወንድምዎ የገዙ የመሰላቸው ያንን አልነበረም።

ተራራው ሌላም ጥያቄ ያስነሣል፤ ከሞተር ብዛት ይልቅ ምርጫችሁን የሚወስነው ይኸኛው ሊሆን ይችላል። ካራቫንም ትዊን ኦተርም የውስጥ አየር ግፊታቸው የማይጠበቅ አውሮፕላኖች ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት ለሚረዝም በረራ ለአብራሪዎች ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ወደ 4,000 ሜትር ሲጠጋ ለመንገደኞችም ሁሉ። በእኛ አገር ደጋውን በመሣሪያ በረራ፣ ማለትም ውጭውን ሳያይ በመሣሪያዎች እየተመራ፣ የሚያቋርጥ ሰው ከዚህ በታች መብረር የሚችልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዲት የሰባ ዓመት ጎብኚ፣ ወይም ደም የፈሰሰው ሕመምተኛ፣ በዚህ ከፍታ ያለ ግፊት የሚደርስባቸው ጉዳት ከሞተር መቆም እጅግ የቀረበ አደጋ ነው። ኪንግ ኤር ግፊቱ ይጠበቃል፤ ባለ አንድ ሞተር ሆኖ እስከ 30,000 ጫማ የሚወጣው የስዊዘርላንዱ ፒላተስ ፒሲ-12ም እንዲሁ። እናንተ በጥያቄያችሁ ያላነሣችሁት ፒሲ-12 ወደ ክርክሩ መግባት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የአነስተኛ ቱርቦፕሮፖች አደጋ ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ሞተር ተጠያቂ የሆነበት ከሚታሰበው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2018 በኬንያ አበርዴር ተራራ ላይ የተከሰከሰው ካራቫን አሥር ሰዎችን ይዞ ሲጠፋ፣ ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ ችግሩ በደመና ውስጥ ከተራራው በታች መብረሩ ነው። ከኪታሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበሩት ደመናና ተራራ እኛም ዘንድ አሉ። ስለዚህ የሁለተኛውን ሞተር ገንዘብ ለሁለተኛ አብራሪ፣ ለመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያ፣ ለአየር ሁኔታ ራዳር፣ እንዲሁም በረራ ሰርዞ የተመለሰ አብራሪ በባለቤቶች ዘንድ የማይወቀስበት አሠራር ለመትከል ብታውሉት፣ በእኔ ግምት የሚድነው ሰው ይበልጣል።

ስለ ወጪ ባጭሩ፦ ካራቫን በሰዓት ወደ 200 ሊትር ነዳጅ ሲያቃጥል ኪንግ ኤር 200 ወደ እጥፍ ይጠጋል። እያንዳንዱ ፒቲ6 በተለምዶ በ3,600 ሰዓት ሙሉ እድሳት፣ በመሐሉም የሙቅ ክፍል፣ ማለትም ነዳጁ የሚቃጠልበትና ተርባይኑ ያለበት ክፍል፣ ምርመራ ይፈልጋል፤ ሙሉ እድሳቱ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ሁለተኛ ሞተር ያለው ይህን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋውንም ሁለት ጊዜ ይጠብቃል። አውሮፕላን ገዝቶ መለዋወጫ በማጣት መሬት ላይ ያቆመ ድርጅት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የሌሊት ሕሙማን ማጓጓዣን በተመለከተ ግን ወደ ወንድምዎ ሐሳብ አደላለሁ። በአውስትራሊያ የሮያል ፍላይንግ ዶክተር ሰርቪስ ለዚሁ ሥራ ፒሲ-12ንም ኪንግ ኤርንም ይጠቀማል፤ በዓለም ላይ ከዚህ ድርጅት የበለጠ ይህን ጥያቄ የመረመረ ያለ አይመስለኝም፣ ያም ሆኖ ክፍሎቹ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ይሁንና የአውስትራሊያ መሐል አገር ሰፊና ዝርግ ነው፤ በሌሊት ያለ ሞተር የሚወርድ አብራሪ ገደል ላይ የማረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። በሰሜንና በወሎ ተራሮች ላይ ያ ዕድል ይገለበጣል። በቀን አብራሪው ማሳ፣ ወንዝ ዳር ወይም መንገድ መርጦ ማረፍ ይችላል፤ በሌሊት መብራት በሌለበት ደጋ ላይ ግን የሚመርጠው ነገር አይታየውም። እዚህ ላይ በአንድ ሞተር ከተራራው በላይ መቆየት የሚችል፣ ግፊቱ የሚጠበቅ፣ ጠንካራ ባለ ሁለት ሞተር ዋጋውን ያወጣል።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። የቀን ቻርተሩን በግራንድ ካራቫን፣ የሚቻል ከሆነም 867 የፈረስ ጉልበት ባለው ኢኤክስ በተባለው ዓይነት፣ በሁለት አብራሪ ጀምሩ፤ ጠጠር ማኮብኮቢያ ላይ ለማረፍና በዘጠኝ መቀመጫ ለመሥራት የሚመቸው እሱ ነው። ላሊበላን ደመና በሌለበት ማለዳ ብቻ ሽጡ። የሌሊት ሕሙማን ሥራውን ካራቫኑ ላይ አትደርቡት፤ ገበያው ሲገኝ ለብቻው ኪንግ ኤር ተከራዩ ወይም ግዙ። ያገለገለውን ትዊን ኦተር አልመክርም፤ በአጭር ሜዳ ላይ የሚወዳደረው የሌለ ድንቅ አውሮፕላን ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአገር ውስጥ መስመሮች አብርሮታል፤ ነገር ግን 19 መቀመጫውን የማይሞላ ድርጅት የሁለት ሞተር ወጪ ተሸክሞ ያለ ግፊት ይበራል። ከማናቸውም ክፍያ በፊት ደግሞ ያሰባችሁትን የበረራ ዓይነት ዘርዝራችሁ፣ በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ የጉዞ አስተባባሪ ነኝ። እንግዶቼን ወደ ጂንካ በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በምልክበት ጊዜ «ሞተሩ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ እንወድቃለን?» እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?
ት. ገ.፣ ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ አይወድቅም፤ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ፒሲ-12 ፕሮፔለሩ ነፋስ እንዳይገታ ከተደረገ ከእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ርቀት ይሄዳል፤ ቋሚ እግር ያለው ካራቫን ከዚህ ያነሰ ቢሆንም የሚበቃ ርቀት አለው። ካራቫን የተመዘገበበት ደንብ ደግሞ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በ61 ኖት፣ ማለትም በሰዓት በ113 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ድረስ ክንፉ አየሩን ይዞ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ዓላማውም ማሳ ላይ ሲያርፍ ምቱ እንዲቀል ነው። የምት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ይህ ልዩነት ሕይወት አድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ፒሲ-12 ሞተሩ ጠፍቶ በኦክሆትስክ ባሕር ላይ ሲያርፍ የተሳፈሩት አራቱም ተርፈዋል።

ለእንግዶችዎ ከማረጋጊያ ቃል ይልቅ የሚጠቅማቸው እርስዎ ለበረራ ድርጅቱ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። ሁለት አብራሪዎች ይኖራሉ ወይ? መንገዱስ በየት በኩል ነው? ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ይዞ እስከ ዓባያ የሚወርደው መንገድ ትንሽ ቢረዝምም፣ አብዛኛው ከበታቹ ዝርግ እርሻ ነው። ከሁሉም በላይ፣ አየሩ ከተበላሸ በረራው ለነገ ቢተላለፍ የእንግዶችዎ የሆቴል ሒሳብ በማን እንደሚከፈል አስቀድመው ይስማሙ፤ አብራሪን ወደ ደመና የሚገፋው ብዙ ጊዜ ይህ ሒሳብ ነውና።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቱርቦፕሮፕ ከውጭ ሲገዛ የሞተሩ ሰዓት ብቻ ማየት በቂ ነው? የጥገና ባለሙያ ነኝ፤ አሠሪዎቼ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያዩት።
ከቢሾፍቱ

መልስ፦ በቂ አይደለም። ከሰዓቱ ይልቅ የተነሣበትና ያረፈበት ብዛት፣ ማለትም ሳይክሉን፣ ይመልከቱ፤ የተርባይን ዲስኮች ዕድሜ የሚቆጠረው በሳይክል ነው። በሃያ ደቂቃ በረራዎች የሠራ ሞተር ሰዓቱ ጥቂት ሆኖ ዲስኮቹ ግን ያለቁ ሊሆኑ ይችላሉ። አሸዋማ አካባቢ የሠራ ከሆነ የመጭመቂያው ቢላዎች ጠርዝ መበላቱን፣ ባሕር ዳርቻ የሠራ ከሆነ ዝገቱን ፈልጉ። ትዊን ኦተር ከሆነ ክንፉ ራሱ የዕድሜ ገደብ ያለው መሆኑንና ስንት እንደቀረው ከመዝገቡ አረጋግጡ። የሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲሆን የሁለቱንም መዝገብ ለየብቻ ጠይቁ፤ ሻጮች አዲስ የታደሰውን በማስታወቂያ ላይ ጽፈው የሁለተኛውን ሰዓት የሚያድበሰብሱበት ጊዜ አለ። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት በቦረስኮፕ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ የሙቁን ክፍል እርስዎ ራስዎ እንዲያዩ፣ የሞተሩ የኃይልና የሙቀት ምዝገባ ላለፉት በርካታ ወራት እንዲላክላችሁ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሙቀቱ መስመር በተመሳሳይ ኃይል ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ የሚቀጥለው የሙቅ ክፍል ጥገና ከተባለው ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ዋጋውም ከመግዣው ላይ መቀነስ አለበት።